በሸክላ ላይ የሚጻፍ ስም

ግንቦት 4

ሚስቴ ማርቲ «ለሞቱ ሰዎች ከምትጽፍ አንዳንዴ ለራስህ ጻፍ» ብላ የገዛችልኝ ደብተር ነው። እሺ ብዬ ጀመርኩ።

ሙቀቱ ዛሬ ሰው ይጠብሳል። ቢሮ ያለው ማራገቢያ የሞቀውን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር ሥራ የለውም። ከጅቡቲ የገቡ ኮንቴይነሮች ሰነድ ስናስተካክል ውለን፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ወደ ሰፈሬ ሳቢያን ገባሁ።

ቀን የትራንዚት ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ስለ ጥንት ግሪክና ሮማ በአማርኛ እጽፋለሁ። ብሎጌ «የአደባባዩ ጥግ» ይባላል፤ ስሜ የለበትም። አባቴ የቼሚንደፈር፣ የባቡር ድርጅቱ፣ ሠራተኛ ነበር፤ ከፈረንሳዮቹ የተረፈ የታሪክ መጽሐፍ ቤት ያመጣ ነበርና በሽታው ከዚያ ነው የያዘኝ። አንባቢዎቼ ጥቂት ናቸው። አንዷ ሚስቴ ናት፤ እሷም እያዛጋች።

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሸክላ ስባሪ ነው። አቴናውያን በዓመት አንድ ቀን አደባባይ ወጥተው፣ እያንዳንዱ ሰው በሸክላ ስባሪ ላይ የአንድ ሰው ስም ይጭር ነበር። ስባሪው ከበቂ በላይ ከሆነ፣ ስሙ የበዛበት ሰው ጓዙን ሸክፎ ለዐሥር ዓመት ከከተማው ይወጣል። ክስ የለ፣ ምስክር የለ፣ ጥፋቱ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለ። ስም ብቻ።

መጨረሻው ግን ደረቀብኝ። ሰው አንብቦ ዝም ብሎ እንዳይሄድ ጥያቄ ጨመርኩበት፦ «እናንተስ? ስባሪ ሸክላ ቢሰጣችሁ ድሬ ላይ የማንን ስም ትጽፋላችሁ?»

ማርቲ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

«ይቺን ጥያቄ አውጣት» አለች።

«ለምን?»

«እንጃ። ደስ አላለችኝም።»

አላወጣኋትም።

ግንቦት 6

ሰው እየጻፈ ነው! «ሙቀቱን» ያለ አለ። «ትንኝን።» «የቧንቧ ውሃን፣ ድሮም የለም እንጂ።» አንዱ «የሚስቴን እናት» ብሎ ጽፎ፣ ወዲያው ሚስቱ መሰለችኝ ከሥሩ «ቤት ና» ብላዋለች። ብቻዬን ሳቅሁ።

ቢሮ ውስጥ አለቃዬ ዐብዲገኒ ለሌሎቹ ጮክ ብሎ እያነበበላቸው ነበር። «አቦ ይሄ ሰውዬ ማነው? የድሬ ልጅ ነው፣ ያስታውቃል!» አለ። ወረቀቴ ላይ አጎንብሼ ጆሮዬ እስኪግል ደስ አለኝ።

ግንቦት 9

ዛሬ የሰው ስም መጣ። መጀመሪያ አንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ከዚያ አንድ የቤት አከራይ፣ ከዚያ ሌላ። የርእሰ መምህሩን አጠፋሁት። የአከራዩን ግን ተውኩት፤ የጻፉት ተከራዮቹ ይመስላሉ፤ ምናልባት እውነታቸውን ነው።

አንባቢው በየቀኑ እጥፍ ይሆናል። ስለ ሮማ መታጠቢያ ቤቶች አንድ ወር ደክሜ ስጽፍ ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም።

አዲስ አበባ ካለ የሬዲዮ ፕሮግራም ደብዳቤ ደረሰኝ። «ጥንቱን ከዛሬ ያገናኘ ብዕር» ይላል። ሊያናግሩኝ ይፈልጋሉ። ለማርቲ አነበብኩላት።

«ስምህን ትናገራለህ?»

«ለሬዲዮ? አዎ፣ እናገራለሁ።»

«ገጽህ ላይ ስማቸው ለሚጻፍ ሰዎችስ?» አለች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ወይም አመሻሹ ላይ ደክሞኝ ነበር።

ግንቦት 14

ከተማው በትኩሳት ወድቋል። ዴንጊ ነው ይላሉ። ማርቲም ትላንት ስትንቀጠቀጥ አደረች። ጠዋት ዓኒሳ ጋ ሮጥኩ።

ዓኒሳ የሰፈራችን ፋርማሲ ባለቤት ናት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን «ዓኒሳ» ነው የሚላት። ወረፋ ስጠብቅ ስለ አቴና የማወራት፣ እሷም ስሜን አሳጥራ «ያ ናሁ፣ ግሪኮችህ ዛሬ ምን ሆኑ?» እያለች መድኃኒት የምትቆጥር ሴት ናት።

ዛሬ ግን አልቀለደችም። ፓራሲታሞል ሰጠችኝ። «ሌላ ማስታገሻ እንዳትወስድ። ዴንጊ ከሆነ ደም ያፈሳል። ውሃ በብዛት ትጠጣ። ሆዷን ካመማት ወይም ካስመለሳት ደግሞ እኔ ጋ እንዳትመጣ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት፣ ሰማህ?» ከኋላዬ ለቆመችው እናትም ይህንኑ ነገረቻት። ከእሷ በኋላ ላለውም።

ማርቲ ማታ ላይ ቀለል አላት። ሾርባ ጠጣች።

ግንቦት 19

ስምረት ሞተች። የሰይፈ ሚካኤል ልጅ።

ሰይፈ ሚካኤል ከእኛ ሁለት በር አልፎ ነው የሚኖረው፤ ፋብሪካ በሽፍት ይሠራል። አባቱና አባቴ አብረው ባቡር ላይ ሠርተዋል። ስምረት ማርቲ መዋዕለ ሕፃናት ያስተማረቻት ልጅ ናት። ማርቲ ገና ከትኩሳቱ ሳታገግም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፤ ተይ ብላትም አልሰማችኝም።

ቀብር ዋልን። ሣጥኑ አጭር ነበር። አባትየው አላለቀሰም፤ የቆመበትን መሬት ብቻ ያይ ነበር።

ያፈርኩበትን ነገር ልጻፍ። እዚያ ቆሜ፣ የጥንት ግሪኮች ለሞቱ ሕፃናት ድንጋይ ላይ አሻንጉሊትና ወፍ ይቀርጹ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ከዚያ «ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል» ብዬ አሰብኩ። አፈር እየተመለሰ እያለ ርእስ አሰብኩ።

ድንኳን ውስጥ ሁለት ሴቶች ከጀርባዬ ያወሩ ነበር።

«ከዓኒሳ ሽሮፕ ወስዳ ነበር አሉ።»

«ጊዜው ያለፈበት ነው የሚባለው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አሉ ነው።»

ዞር ብዬ «ማን አለ?» ማለት ነበረብኝ። ንፍሮ እየዞረ ነበር፤ አንድ እፍኝ ዘግኜ ቃምኩ።

ግንቦት 21

ብሎጉ ላይ፣ ስለ ሸክላው ከጻፍኩት ሥር፦ «ዓኒሳ ፋርማሲ። ልጅ ገዳይ።»

የጻፈው ሰው ስም የለውም፤ የአንበሳ ሥዕል ብቻ ነው። ላጠፋው ስል መብራት ሄደ። ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ጠዋት አጠፋዋለሁ።

ግንቦት 22

ጠዋት ቸኩዬ ወጣሁ። ቢሮ ደግሞ ሰው አጠገቤ ነው፤ ብከፍተው እኔ መሆኔ ይታወቃል። ምሳ ሰዓት ላይ ሳየው አንድ አይደለም። ስሟ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ሁሉም «ሸክላዬ ይኸው» ይላል። የኔን ቃል ነው የያዙት።

ግንቦት 23

የስምረትን ፎቶ ለጥፈውታል። የትምህርት ቤት ፎቶዋ ነው፣ ሁለት ጥርሷ የወለቀ ጊዜ የተነሳችው። ከሥሩ የዓኒሳ ስምና የፋርማሲው አድራሻ። አንዱ «ወደ መጣችበት ትሂድ» ብሏል። ዓኒሳ እዚሁ ከተማ ነው የተወለደችው።

ማርቲ ፎቶውን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። «ያቺን ፎቶ እኔ ነኝ ያነሳኋት» አለች። «ናሁ፣ ጽሑፉን አጥፋው። አሁን።»

«ባጠፋው ይባስ የሆነ ነገር አለ ይላሉ። ማስታወቂያ አወጣለሁ።»

አወጣሁ፦ «ውድ አንባቢያን፣ የግለሰብ ስም ከመጥራት ብንቆጠብ።» ሰባኪ መሰልኩ። ከሥሩ አንበሳው «ፈራህ እንዴ?» አለኝ።

የሬዲዮው ቃለ ምልልስ ለዓርብ ግንቦት 29 ተቆርጧል። አዘጋጁ ገጹን እያነበበ እንደሚያስተዋውቀኝ ነግሮኛል። ስለ ሬዲዮው ብዬ አይደለም ያልሰረዝኩት። ይህን እዚህ መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ አላውቅም።

ግንቦት 26

ዓኒሳ ቤት መጣች።

ሥራ ውለን ሻሂ እየጠጣን ነበር። ማርቲ ደንግጣ ተነሥታ ሳመቻት። ዓኒሳ ተቀመጠች፤ ሻርፗን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ከስታለች። ሰው ወደ ፋርማሲው መግባት ካቆመ ሰንብቷል። ዛሬ የገባው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ፎቶ አንስቷት ሮጠ።

«ናሁ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» አለች። ስልኳን ዘረጋችልኝ። የራሴ ገጽ ነው። «ይሄን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?»

«አስቸጋሪ ነው» አልኳት። «ስም የለውም።»

«አዎ፣ አየሁ። የሱ ስም የለም። የኔ ግን አለ።»

ማርቲ ታየኛለች። እኔ ስልኩን አያለሁ።

«ዋላሂ ክፉ ሰው አይመስለኝም» አለች ዓኒሳ። «ሲጽፍ ያስደስታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የጻፈውን አነበብኩለት፤ ያ የመታጠቢያ ቤቱ እንዴት ያምራል! የተማረ ሰው ነው፣ ነገሩ ከእጁ አምልጦት ይሆናል። ብታገኘው፣ ዓኒሳ አልተቆጣችም፣ አንሣው ብቻ ብላሃለች በለው።»

«ካገኘሁት እነግረዋለሁ።»

«ዛሬ ብታገኘው ጥሩ ነበር» አለች።

ማርቲ ብርጭቆዎቹን ይዛ ጓዳ ገባች፤ አልወጣችም። ዓኒሳን በር ድረስ ሸኘኋት። በሩ ላይ ቆም ብላ ጥቂት ጠበቀች። እኔም ቆምኩ። «ሀዬ ናሁ፣ ደህና እደር» ብላ ሄደች።

ምስኪን፣ ምንም አልጠረጠረችም።

ማርቲ ዛሬ አላናገረችኝም። ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረው። ዓርብ ካለፈ በኋላ ሁሉንም አነሣዋለሁ። ሦስት ቀን ምን ይለውጣል?

ግንቦት 28

ድንጋይ። ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ጫት ይዞ በርጫ ላይ ባለበት ሰዓት። የፋርማሲው መስታወት ከላይ እስከ ታች ረግፏል። ዓኒሳ እጇ ላይ ተቆርጣለች። ደውለውልኝ ከቢሮ በባጃጅ መጣሁ። መድኃኒቱ መንገድ ላይ ተበትኖ፣ ሽሮፑ አስፋልት ላይ ፈስሶ ንብ ወሮታል።

እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እጇን ራሷ ትጠቀልል ነበር። አየችኝ። ፋሻውን መጠቅለል ቀጠለች።

ቤት ገብቼ ጽሑፉን አጠፋሁት። ከዚያ ለሬዲዮው «አልችልም» ብዬ ጻፍኩ። ለካ እንዲህ ቀላል ነበር።

ግንቦት 29

ምንም አልጠፋም። ስክሪንሹቱ ሁሉ ቦታ አለ። «የድሬ ሸክላ» የሚባል አዲስ የቴሌግራም ቻናል ተከፍቷል፤ የኔ ጽሑፍ ሙሉውን እንዳለ ከላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ «አድሚኑ በገንዘብ ተገዝቶ አጥፍቶታል፣ እኛ ግን አንገዛም» ይላል። በየቀኑ አዲስ ስም። የስምረት ፎቶ የቻናሉ መለያ ሆኗል።

የሮማ ሰዎች የጠሉትን ሰው ስም ከድንጋይ ላይ በመሮ ይፍቁ ነበር። ስለዚያ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ድንጋይ መፋቅ ይቻላል ብዬ ለመጀመር። ተውኩት።

ሰኔ 3

ማርቲ ከአንዲት ነርስ ጓደኛዋ ሰማች። የስምረት የደም ምርመራ ዴንጊ ነው። ሆስፒታል የደረሰችው ሰውነቷ ውስጥ ደም መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው። ሽሮፑ ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኝቷል፤ ፓራሲታሞል ነው።

በብዕር ስሜ ቻናሉ ላይ ይህንኑ ጻፍኩ። ወዲያው አንዱ፦ «ስንት ከፈለችህ?» ሌላው፦ «ማስረጃ!» ሦስተኛው የሚስቅ ፊት። ከዚያ አገዱኝ። ከራሴ ጽሑፍ ሥር አባረሩኝ።

የዓኒሳ አከራይ ቤቱን ልቀቂ ብሏታል። እሱም ስሙ እንዳይጻፍ ፈርቶ ነው ይላሉ።

ሰኔ 6

ዛሬ ሄደች።

ጠዋት አይሱዙ ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ አየሁ። ጅግጅጋ እህቷ ጋ ናት የምትሄደው። ጫኞቹ መደርደሪያውን ያወጣሉ፤ እሷ በተጠቀለለው እጇ ካርቶን ታስራለች። ሰፈሩ በየበሩ ቆሞ ያያል። አንድም ሰው «ላግዝሽ» አላለም። ሄጄ የገመዱን ጫፍ ያዝኩላት።

«ዓኒሳ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«አትንገረኝ።»

«ያ ጽሑፍ የኔ—»

«ናሁ!» ገመዱን ለቀቀችው። «ቤትህ ድረስ የመጣሁት ሳላውቅ መሰለህ? ድሬ ላይ ስለ አቴና የሚያወራ ስንት ሰው አለ? እዚህ ባንኮኒ ላይ ተደግፈህ ስንት ዓመት ያወራኸኝ አንተ አይደለህም?»

«ታዲያ ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም?»

«እንድትነግረኝ ነዋ። ሚስትህ ፊት ላዋርድህ? ሻሂህን ጠጥቼ? አቦ፣ መንገዱን ከፍቼልህ ቆምኩ። በሩ ላይ እንኳን ጠበቅኩህ። ዝም አልከኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ያን ቀን አልተቆጣሁም ብዬህ ነበር» አለች። «እውነቴን ነበር። አሁን ግን ተቆጥቻለሁ፤ ምን ላድርግህ?»

ገመዱን ራሷ ቋጠረችው። ከሹፌሩ ጎን ወጥታ ተቀመጠች፤ መስኮቱን ዘጋች። መኪናው ሲነሳ ሰዉ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ገባ።

ስለ አቴና ስጽፍ የዘለልኩት ነገር አለ። የተባረረው ሰው ዐሥር ዓመቱ ሲሞላ ይመለስ ነበር፤ ቤቱም ንብረቱም አይነካም። ጽሑፉ እንዳይለሰልስ ብዬ ተውኩት። እኛ ለዓኒሳ የመመለሻ ቀን አልቆረጥንላትም።

ሰኔ 8

በሙሉ ስሜ ጻፍኩ። ናሁሰናይ ብዬ፣ ከነሰፈሬ። ጥያቄውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ስሟ ሲጻፍ እያየሁ የተውኩት እኔ ነኝ፤ የተውኩትም የሬዲዮ ሰዎቹ ገጹን እንዲያዩት ብዬ ነው። ልጅቱን የገደላት ዴንጊ ነው፤ ዓኒሳ ማንንም አልገደለችም።

ለማርቲ ሰጠኋት። ረጅም ሰዓት አነበበች።

«ይሄን ስለ አቴና ያልከውን ሁሉ አውጣው» አለች።

«ለምን? ነገሩ እንዲገባቸው እኮ ነው።»

«እዚያ ጋ ስትደርስ ድምፅህ ያምራል። እንዲያምር አልፈልግም።»

አወጣሁት። የቀረው አጭር ነው። ብሎጉ ላይ ለጠፍኩት።

ሰኔ 11

ግማሹ «ተገዝቷል» ይላል። ግማሹ «እሱ ነው ገዳዩ» ይላል። «ሸክላዬ፦ ናሁሰናይ» የሚለው ቁልቁል ይወርዳል። ማንበብ አቁም ትለኛለች ማርቲ። አላቆምኩም።

ዐብዲገኒ ቢሮው አስጠራኝ። ፊቴን አያይም። «ናሁ፣ ደንበኞች እየደወሉ ነው። እስኪበርድ ቤት ሁን።» በር ላይ ስደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ቀን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔም ነበርኩ» አለ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ማርቲ ትምህርት ቤት ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፍሏ አስወጥተዋል። እሷ አልነገረችኝም፤ በስልክ ለእናቷ ስትናገር ሰማሁ። «አይ እማዬ፣ ትቼውስ የት እሄዳለሁ» አለች። ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ ቀጥሎ እናቷ ብዙ ተናገረች።

ሰኔ 12

ከሰዓት ወጥቼ በእግሬ ደቻቱ ድልድይ ድረስ ሄድኩ። ወንዙ ደርቋል፤ ታች አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው። ብረቱን ተደግፌ ቆየሁ። ከፍታው ያን ያህል አይደለም።

ማርቲ ደወለች። አላነሣሁም። ደግማ ደወለች። በሦስተኛው አነሣሁ።

«የት ነህ?»

«ድልድዩ ጋ። ሙቀት ነው፣ አየር ልውሰድ ብዬ ነው።»

በጣም ቀስ ብላ፣ «ናሁዬ፣ አየር ቤትም አለ። ባጃጅ ያዝና ና። እስክትደርስ ስልኩን አልዘጋም» አለች።

አልዘጋችም። ባጃጁ ውስጥ ስለ ሽንኩርት አወራችኝ፣ ስለ በርበሬ፣ ስለ ምንም።

ሰኔ 13

ተኛሁ። ማርቲ ሥራ አልሄደችም።

ሰኔ 15

እሑድ ነው። ዛሬ የሆነውን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ከሰዓት በር ተንኳኳ። ማርቲ ከፈተች፤ ድምፅ ስለጠፋ ወጥቼ አየሁ። ሰይፈ ሚካኤል ነው። ልጁን ከቀበረ ወዲህ ፊት ለፊት አላየሁትም፤ ጢሙ አድጓል፣ የፋብሪካ ሸሚዙን ነው የለበሰው። ሊመታኝ መጣ ብዬ አሰብኩ። ቢመታኝ ጥሩ ነበር።

«ልግባ?» አለ።

ገብቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማርቲ ውሃ አመጣች፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ አልጠጣም።

«የጻፍከውን አነበቡልኝ» አለ። «ዴንጊ ነው ያልከውን።»

«አዎ።»

«አውቅ ነበር። ሐኪሙ በሁለተኛው ቀን ነግሮኛል።» ውሃውን አየው። «ዓኒሳም ነግራኝ ነበር። ሽሮፑን ስትሰጠኝ፣ ልጅቷ ዓይኗ ደስ አላለኝም፣ ካስመለሳት አሁኑኑ ሐኪም ቤት አለችኝ። ቤት ስደርስ አስመለሳት። እኔ ግን የማታ ሽፍት ነበረኝ። ሽፍቴን ልጨርስና ጠዋት እወስዳታለሁ አልኩ።»

ማርቲ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይሄ ሁሉ ሰው በልጄ ስም ሲጮህ» አለ፣ «አንድም ሰው መጥቶ የጠየቀኝ የለም። ሰይፉ፣ ምን ሆነች፣ ማን ምን ሰጣት፣ ያለኝ የለም። ድንጋይ የወረወሩት ልጆች ፊቷን አያውቁትም።» ብርጭቆውን በእጁ አዟዟረው። «ቢጠይቁኝስ እናገር ነበር ወይ? እንጃ። እሷን ሲሉ እኔን አላሉማ። ዓኒሳ ስትጭን በመስኮት አየኋት። አልወጣሁም።»

ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ከኪሱ ስልኩን አወጣ። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው። «የመጣሁት ለዚህ ነው» አለ። «ይቺን ፎቶ አውርዳት።»

ስምረት ናት። ሁለት ጥርሷ የወለቀው ፎቶ።

«ሰይፉ፣ እኔ ጋ የነበረውን አጥፍቻለሁ። ይሄኛው የሌላ ሰው ገጽ ነው። እኔ ማውረድ አልችልም።»

«አንተ አይደለህም እንዴ የጀመርከው?»

«እኔ ነኝ። ማቆም ግን አልችልም።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ያልገባውን ነገር እንደሚያይ ሰው ነው ያየኝ። «እናቷ ስልክ በከፈተች ቁጥር ታያታለች» አለ። «እየሳቀች። ከሥሯ ስድብ።»

የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ። ለመተግበሪያዎቹ ድርጅቶች ሪፖርት ማድረግ ይቻላል አልኩት። አንድ በአንድ። ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጡም፤ አንዳንዱን ግን ያነሣሉ።

«እንጀምር» አለ።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ ፎቶውን ይፈልጋል፤ ማንበብ ብዙም አይችልም፣ ፊቷን ግን ከሩቅ ይለያል። እኔ «ሪፖርት» የሚለውን እጫናለሁ። አንዱ ገጽ ላይ ክንፍ ቀጥለውላታል። ሌላው ላይ ሻማ። ሌላው ላይ ከዓኒሳ ፎቶ ጋር አጣብቀዋታል። እሱ እያንዳንዷን ለአፍታ ያያታል፤ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ያዞረዋል። ማርቲ መብራቱን አበራች። ውጭ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር እየተመለሰ ነበር፤ ድምፃቸው በመስኮት ገባ፣ አለፈ።

«እዚህ ጋ ምን ይላል?» አለኝ ስክሪኑን እያሳየ።

«ለምን እንደምታመለክት ይጠይቃል። ከነዚህ አንዱን ምረጥ ነው የሚለው።»

«አንብብልኝ።»

አነበብኩለት። የማጭበርበር ሥራ። ራቁት ምስል። ጥላቻ። የሐሰት ዜና። ሌሎችም ነበሩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ልጄ ናት የሚል የለም?»

«የለም።»

ጥቂት አሰበ።

«እንግዲያው ለዚያ የሚቀርበውን ንካ» አለ።

ነካሁት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አንሸራተተ።

«ይኸውና፣ ሌላ አለች» አለኝ።